ቀበና አቃቂ እስኪደርስ

ውድ አንባቢዎቼ፤ ነገሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከቤታችሁ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ከየት ይነሣል? ወዴትስ ይሄዳል? ስለ ዓባይ ወይም ስለ ሚሲሲፒ አልጠየቅኋችሁም፤ እነርሱንማ ለፈተና ስንል ሁላችንም ሸምድደናቸዋል። የምጠይቃችሁ ጧት ጧት በታክሲ ድልድዩን ስትሻገሩ አፍንጫችሁን በመሐረብ ይዛችሁ ስለምታልፉት፣ ስም ያለውም ስለማይመስላችሁ ስለዚያ ውኃ ነው።

እኔ በዚህ ጥያቄ ወድቄበታለሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በአቃቂ ተማሪ ሳለሁ፣ የመልክዐ ምድር መምህራችን ስለ ኢትዮጵያ ወንዞች ሲያስተምሩ ድንገት ጠመኔያቸውን ወደ እኔ ቀሰሩና፣ «አንተ የወንዝ ዳር ልጅ! አቃቂ ከየት ይነሣል?» አሉኝ። ብድግ አልሁና፣ «ከድልድዩ በላይ፣ ቲቸር» አልሁ። «ወዴትስ ይሄዳል?» «ከድልድዩ በታች።» ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። መምህሩ ግን አልሣቁም። «ስሕተት አልተናገርህም፤ አሳጠርኸው እንጂ» ብለው አስቀመጡኝና ወደ ዋቢ ሸበሌ ተሻገሩ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ወደ አቃቂ አልተመለሱም።

የወንዝ ዳር ልጅ ያሉኝ በከንቱ አልነበረም። ያሳደጉኝ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ በአንድ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ከድልድዩ በታች ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህማ ጎሕ ሲቀድ እዚያው ናቸው፤ ሲመሽም እዚያው ናቸው። ውኃውን ከወንዙ የሚስበውን ሞተር ከጎረቤቶቻቸው ጋር በመዋጮ ገዝተውታል። ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ ኮሌጅ ስገባም የታክሲ ገንዘቤ፣ ሁሉ ከዚያ መደብ የወጣ ነው። ዛሬ በቃሊቲ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ገቢና ወጪ ደብዳቤ የምመዘግበው፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ በጎመን ነው።

አምና መስከረም ሊያልቅ ሲል ልጃችን ስድስት ወር ሞላትና ምግብ ልትጀምር ሆነ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው እሑድ ዕለት አንድ እስር ቆስጣ አስይዘው ሰደዱኝ። ባለቤቴ እስሩን ተቀብላ መክተፊያው ላይ አኖረችውና ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተችው። ከዚያም፣ «እኔና አንተ ብንበላው እንብላው፤ ስንበላው ኖረናል። ለልጄ ግን አላበላትም» አለች። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። የምከራከርበት ቃል ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ የእሑዱ እስር የአከራያችን በግ ቀለብ ሆነ። በየሳምንቱ ከጋሼ እጅ አመስግኜ እቀበላለሁ፤ ቤት ስደርስ በጓሮ በኩል ለበጉ እጥላለሁ። በጉ ሰባ፤ እኔ ከሳሁ።

ለጋሼ ምን ብዬ ልንገራቸው? «እኔን ያሳደገኝ ጎመን ለልጄ አይሆንም» ልበላቸው?

እኛ የመዝገብ ቤት ሰዎች ለእንዲህ ያለው ነገር አንድ መድኃኒት አለን። ውሳኔው የሚያስፈራ ጉዳይ ሲመጣ፣ «ተጣርቶ ይቅረብ» ተብሎ ይመራል። እኔም ጉዳዩን ለራሴ መራሁት። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ በመንገዱም ምን እንደሚያገኘው ሄጄ ሳላይ አንድም ቃል አልናገርም አልሁ። የመምህሬን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በኋላ ልመልስ ተነሣሁ ማለት ነው።

በቅድሚያ ካርታ ዘረጋሁ። አቃቂ የሚባሉት ወንዞች ሁለት ናቸው። ትንሹ አቃቂ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከወጨጫ ተራራ በኩል ተነሥቶ፣ የአዲስ አበባን ምዕራባዊ ሰፈሮች አቋርጦ፣ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ትልቁ አቃቂ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ መጥቶ 53 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገብተው ይገናኛሉ። በእኛ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ትልቁ ነው። ትልቅ መባሉም ከወንድሙ ጋር ሲተያይ ነው እንጂ በበጋ ልጅ ሱሪውን ጠቅልሎ ይሻገረዋል። ይኸው ትልቁ ደግሞ እንደ ዛፍ ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ከእነዚያ መካከል ከእንጦጦ ጫካ ተነሥቶ በከተማው እምብርት የሚወርደውን ቀበናን መረጥሁ።

በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ዳቦና አንድ ኮዳ ውኃ ይዤ ከአቃቂ ተሳፈርሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወጣውን ታክሲ ያዝሁ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጣሁ ማለት ነው፤ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከየኩርባው ላይ አርፌ ቁልቁል ስመለከት የራሴን ሰፈር ለማየት እሞክር ነበር፤ በጭጋጉ ውስጥ የሚታየኝ የየረር ተራራ ብቻ ነበር።

ስለ እንጦጦ ጫካ ታሪኩን ታውቁት ይሆናል። አፄ ምኒልክ በዚያ በከተሙ ጊዜ ጽዱና ወይራው ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ተራራው ተራቆተ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውኃ ወርደው አዲስ አበባን ከመሠረቱ በኋላም የእንጨት እጦቱ ባሰ እንጂ አልተሻለም፤ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወርም ታስቦ ነበር። አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ መጥቶ ተተከለና ከተማው ባለበት ጸና። ዛሬ እንጦጦ ሲባል በዐይናችን የሚመጣው ባሕር ዛፉ ነው። እውነቱን ለመናገር ባሕር ዛፍን አልጠላም፤ ሽታው የልጅነቴ የጉንፋን መድኃኒት ነው። ነገር ግን ከሥሩ ሣር አያበቅልም፤ ምድሩ ራቁቱን ይቀራል፤ የክረምቱ ዝናብም እንደ ወረደ ወዲያው ያመልጣል። ጽድና ኮሶ ባሉበት ገደል አጠገብ ስደርስ ልዩነቱን በጫማዬ አወቅሁት፤ ኅዳር ላይ እንኳ መሬቱ እርጥብ ነበር፤ እንደ ስፖንጅም ይረግጣል። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለሽርሽር የሄዳችሁ፣ ከመንገዱ ጥቂት ወጣ ብላችሁ ይህን በእጃችሁ ብትዳስሱት ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የቀበናን መነሻ መፈለግ ጀመርሁ። የወንዝ መነሻ እንደ ቧንቧ አንድ ቦታ ተከፍቶ የሚፈስ ይመስለኝ ነበር፤ ምናልባትም ምልክት የተተከለበት። የለም! አንዱን ጅረት ተከትዬ ስወጣ ለሁለት ይከፈላል፤ ከሁለቱ አንዱን ስከተል ደግሞ ይቀጥንና በድንጋይ መካከል እርጥበት ብቻ ይሆናል፤ ከዚያም ይጠፋል። ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ እርሱም እንደዚያው ነው። በዚህ ሁኔታ ስንከራተት አንዲት አሮጊት ጭራሮ አስረው፣ የሚያሸክማቸው አጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምን ጠፋብህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«የወንዙን መነሻ ፈልጌ ነው፣ እማማ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «እርሱን ዝናቡን ጠይቅ። ይልቅ ና ይችን እንጨት አሸክመኝ» አሉ።

አሸከምኋቸው። ክብደቱ ወገቤን ሊሰብረኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጎንበስ ብለው እንደ ቀላል ነገር ይዘውት ወረዱ። ካርታዬን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ፤ የአሮጊቷ መልስ ከካርታው የተሻለ ነበርና። በአዲስ አበባ ላይ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ወንዙ ያ ዝናብ ነው፤ ጫካው ቶሎ እንዳይሄድ የያዘው ዝናብ።

ወደ ሸንተረሩ ጫፍ ስወጣ አንድ ሌላ ነገር አየሁ፤ ይህንንም የመልክዐ ምድር ትምህርት ለምትማሩ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እንጦጦ የውኃ ድንበር ነው። ከጫፉ በስተሰሜን የወረደው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ በኩል ወደ ሙገር ይሄዳል፤ ሙገር ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከጫፉ በስተደቡብ፣ ምናልባት አንድ ክንድ ብቻ ርቆ የወረደው ዝናብ ደግሞ ቀበና ይገባል፤ ከዚያ አቃቂ፣ ከዚያ አዋሽ ይሆናል። አዋሽም፣ እንደምታውቁት፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከጂቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ገብቶ በፀሐይ ተንኖ ይቀራል እንጂ ባሕር አያይም። ሁለቱን አገሮች በእግሮቼ መካከል አድርጌ ለጥቂት ጊዜ ቆምሁ። ብርድ ስለ ነበር ብዙ አልቆየሁም።

በመጨረሻ ከአንድ ዓለት ሥር ጭል ጭል የሚል ውኃ አገኘሁ። በእፍኜ ይዤ ፊቴን ታጠብሁበት፤ ጥቂትም ጠጣሁ። ጥርስ የሚያደነዝዝ ብርድ ነበረው፤ ምንም ጣዕም የለውም። ይህ ውኃ አቃቂ ነው ብሎ ለማመን አስቸገረኝ።

ከዚያ ቁልቁል ከውኃው ጋር ወረድሁ። የቀረውን ቀን ሁሉ የፈጀሁት በዚህ ስለ ሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ከጫካው ሲወጣ ውኃው ገና ጥሩ ነው። ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፤ ልጆች ድንጋይ ደርድረው ይገድቡታል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ሲደርስ ከኤምባሲው ዛፎች ጥላ ሥር ያልፋል፤ ባትጠጡትም በዚያ በኩል ዐይን ይማርካል። ከዚያ ቤቶቹ እየተጠጋጉ ይመጣሉ። ከየአጥሩ ሥር ቀጫጭን ቱቦዎች ብቅ ብለዋል። አንዱ የሳሙና ውኃ ይተፋል፤ አንዱ ምን እንደሚተፋ አለመናገር ይሻላል። ቀበና ድልድይ ስደርስ ቀለሙ ተለውጦ ነበር። ግንፍሌ ከአራት ኪሎ ሥር የራሱን ይዞ ይመጣል። ከምዕራብ በኩል ቀጨኔና ቁርጡሜ የመርካቶንና የፒያሳን አካባቢ አጥበው የሚያመጡት በባንተ ይቀጡ ይጠቃለላል፤ ባንተ ይቀጡ እቴጌይቱ ወርደው ቤት ባሠሩበት በፍል ውኃ ሥር አልፎ ወደ ቦሌ በሚወስደው በኩል ከቀበና ጋር ይገናኛል። በየጥጉ ላቫጆ አለ፤ በየጥጉ ጋራዥ አለ፤ የተቃጠለ ዘይት ውኃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ተዘርግቷል። ከቦሌ በታች ስሙ ቡልቡላ ይሆናል። ስሙን ስንት ጊዜ ይለውጣል! በደል ሠርቶ ከአገር አገር እንደሚሸሽ ሰው ማለት ነው፤ ግን በደሉን የሠራው እርሱ አይደለም።

ልንገራችሁ፤ እኔ ጥፋተኛ ፈልጌ ነበር የሄድሁት። አንድ ትልቅ ቱቦ፣ አንድ ትልቅ ፋብሪካ አግኝቼ፣ «ይኸውላችሁ!» ለማለት ፈልጌ ነበር። ፋብሪካዎችስ አሉ፤ ቆዳ የሚያለፉም ጨርቅ የሚያቀልሙም በአቃቂ ተፋሰስ ውስጥ ሞልተዋል። ቆዳ ለማልፋት ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ጨው ይጠቀማሉ፤ ተመራማሪዎች ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በዚህ ወንዝ ውኃ፣ በዳርቻው አፈርና በአትክልቱ ላይ ክሮሚየምንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል፤ ቅጠላ ቅጠሉ፣ ማለት ሰላጣውና ቆስጣው፣ ከሌላው ይልቅ እንደሚስብም ጽፈዋል። ነገር ግን እኔ በዓይኔ ሳየው የዋልሁት ይበልጡን ቀጫጭኑን ቱቦ ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰውዬ ሳፋ ሙሉ የቆሸሸ ውኃ ከግቢው አውጥቶ ወደ ወንዙ ሲደፋ ዐይን ለዐይን ተጋጠምን። አፈረና፣ «ምን ይደረግ፣ ሌላ መድፊያ የለንም» አለኝ። ልገሥጸው አፌን ከፈትሁና የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። የተከራየሁበት ግቢ ፍሳሽስ ወዴት ነው የሚሄደው? ከጋሼ አትክልት በታች፣ ወደዚሁ ወንዝ! ዝም ብዬ አለፍሁ።

በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ እንዳለ አውቃለሁ፤ መሥሪያ ቤቴም ሩቅ አይደለም። አቅሙም በቅርብ ዓመታት አድጓል። ግን ወደ ማጣሪያ የሚገባው በመሬት ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ የተገናኘ ቤት ፍሳሽ ነው፤ ያ ሰውዬ፣ እኔም፣ ሌሎች ብዙዎችም አልተገናኘንም። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ የወንዞቹን ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ለማልማት ሥራ ተጀምሯል። ዳርቻው ሲያምር ደስ ይላል። እኔ ግን ከአቃቂ ሆኜ የማየው ዳርቻውን ሳይሆን መካከሉን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ሌላ ክንድ አለው፤ በዚያ ላይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የድሬ ግድቦች ተሠርተዋል። በትንሹ አቃቂ ራስጌም ከእነርሱ የሚቀድመው የገፈርሳ ግድብ አለ። እነዚህ የሚይዙት ውኃ ተጣርቶ የከተማው መጠጥ ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ በእኛ በአቃቂ ከመሬት በታች ያለው ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ጥቁርና ቀይ ዓለት ስለ ሆነ ውኃ እንደ ጋን ይይዛል፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ያ ውኃ በሞተር ኃይል ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ይገፋል። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ልናገረው፦ ወጪ፣ ንጹሕ ውኃ፣ በቧንቧ፣ ወደ ላይ። ገቢ፣ ያው ውኃ፣ ተጠጥቶና ታጥቦበት፣ በወንዝ፣ ወደ ታች። በዝናብ አጥ ወራት በድልድያችን ሥር የሚያልፈው አብዛኛው ውኃ ይኸው የተመለሰው ነው። እንደ ገቢና ወጪ መዝጋቢነቴ እንዲህ ያለ ሚዛን የጎደለው መዝገብ አላየሁም።

ከአቃቂ በታችም ሰው አለ፤ ይህን እኛም እንረሳለን። የድሮው የምድር ባቡር ከተሻገረበት ከእኛ ሰፈር አልፎ ወንዙ መረሬውን ሜዳ አቋርጦ አባ ሳሙኤል ይገባል። የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ ከአገራችን ቀደምቶች አንዱ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ለረጅም ዓመታት ቆሞ ኖሮ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና ተነሣ። ሐይቁ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ስለሚቀበል እምቦጭ ይወደዋል፤ አንዳንዴ ውኃ ሳይሆን የሣር ሜዳ ይመስላል። ከዚያ አዋሽ፣ ከአዋሽ በ1952 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ቆቃ ግድብ፣ ከዚያ ወደ ሸንኮራው አገርና ወደ አፋር። ከእንጦጦ ዓለት ሥር በእፍኜ የያዝሁት ውኃ ይህን ሁሉ ይሄዳል።

በማግሥቱ እሑድ ወደ ጋሼ ሄድሁ። መደቡ ዳር ተቀምጠው ጎመን ሲያስሩ አገኘኋቸው። ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ስለ ቅዳሜ ጉዞዬ አጫወትኋቸው። ውኃው ላይ ቤት ሆኖ ሲጠራ እንዴት እንደሚያምር፣ እንደሚበርድም ነገርኋቸው። ስለ አንድ ክፉ ጎረቤት የልጅነት ጠባይ እንደሚሰማ ሰው በመገረም አዳመጡኝ።

«ጠጣኸው?» አሉ።

«አዎን፣ ጠጣሁት።»

«ወይ ግሩም!» አሉና ወደ ወንዙ ዞረው ተመለከቱ። «እኔ እንኳ በክረምት እወደዋለሁ። ነሐሴ ላይ ደፍርሶ ሲመጣ፣ አንዳንዴ መደቤን ይዞብኝ ይሄዳል፤ ግን የአፈር ሽታ ብቻ ነው የሚሸተው። በጋ ነው ጠባዩ የሚከፋው። ድሮማ በቀለሙ ቀኑን አውቅ ነበር። አንዱን ቀን ቀይ፣ አንዱን ቀን ሰማያዊ።»

አሁን ልናገር ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ጋሼ፣ ስለዚያ ስለ ቆስጣው...»

«ና» አሉኝ፤ አላስጨረሱኝም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ከሞተሩ ማደሪያ ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ ከሦስት እርምጃ የማትበልጥ ትንሽ መደብ ነበረች፤ አንድ የእጅ ጉድጓድ፣ በላዩ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ከጎኑ ገመድ የታሰረበት ጀሪካን። ቆስጣው ለምለም ነው፤ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ተኮትኩቷል።

«ጉድጓዱን የቆፈርሁት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የምሰጥህ ሁሉ ከዚህ የተቆረጠ ነው። ለልጅቱ ብዬ። ባለቤትህ አንድ እሑድ መጥታ ሰላጣውን ሳትነካ ተነሣች፤ ዐይኗን አየሁና ገባኝ። ስላልነገርኸኝ አልቀየምሁህም» አሉ።

አንባቢዎቼ፤ የአከራያችን በግ በፊቴ መጣ። ስድስት፣ ሰባት እሑድ! ጋሼ በሰባ ዓመታቸው ጉድጓድ ወርደው ቆፍረው፣ በጀሪካን እየቀዱ፣ ቅጠል በቅጠል ያጠጡትን እኔ በጓሮ በኩል ለበግ ጥያለሁ። ይህን አልነገርኋቸውም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኋቸውም።

«በልታ ወደደችው?» አሉኝ።

«ወዳዋለች፣ ጋሼ» አልሁ።

ዞር ብዬ ስመለከት ያው ቅዳሜ የጀመረኝ የመልክዐ ምድር በሽታ ተነሣብኝና ከጉድጓዱ አፍ እስከ ወንዙ ዳር በእርምጃ ቆጠርሁ። ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ያ እንደ ጋን ውኃ የሚይዘው ዓለት፣ ያ ቀዳዳው የበዛ መሬት፣ ወንዙና ጉድጓዱ ከመሬት በታች አይተዋወቁም ብሎ የሚምልልኝ ማን ነው? ጋሼ ምን እንደምቆጥር ጠየቁኝ። የመደቡን ርዝመት ነው አልሁ።

ከዚያ ትልልቆቹን መደቦች አየሁ፤ እስከ ድልድዩ ድረስ በተርታ የተዘረጉትን፣ ሞተሩ እየጮኸ የወንዙን ውኃ የሚያፈስባቸውን። «እነዚያስ፣ ጋሼ?» አልሁ።

ወዲያው አልመለሱም። ከጫማቸው ጭቃ በእንጨት ይፍቁ ጀመር። «እነዚያ ለገበያ ናቸው» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «ይህን ሁሉ በጀሪካን አጠጣ ብትለኝ አልችልም። ተወው ብትለኝ ደግሞ የጡረታዬን ልክ ታውቀዋለህ። አንተ የተማርህ ነህ፤ ያየኸውን አይተሃል። ምን ላድርግ ትላለህ?» አሉኝ።

በመሥሪያ ቤቴ ቢሆን፣ «ተጣርቶ ይቅረብ» እል ነበር። ግን እኮ አጣርቼው መጥቻለሁ። ቱቦዎቹን ሁሉ አይቻለሁ፤ ከፍታውን አውቃለሁ፤ የወንዙን ስሞች በሙሉ በተርታ እጠራቸዋለሁ። ለጋሼ የምሰጠው መልስ ግን ከጭንቅላቴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

በዚህ መካከል ጎመን የሚጭነው አይሱዙ መጣና ጡሩምባውን ነፋ። ሾፌሩ ረዳቱ እንደ ቀረበት ነገረን። ጋሼ ሸክም ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ያዝኋቸውና እኔ ተሸከምሁ። ዐሥራ አራት ማዳበሪያ ነበር። በዐሥራ አራተኛው ላይ ሸሚዜ በሙሉ ርሶ ነበር፤ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውኃ ነው።

ጋሼ ከትንሿ መደብ አንድ እስር ቆርጠው በጋዜጣ ጠቅልለው አስያዙኝ። መኪናው ተነሥቶ ድልድዩን ተሻገረና ወደ ላይ፣ ወደ ከተማው ወጣ።